ዓይን እዚህ፣ ልብ እዚያ፦ ስለ ልብ ወለድ ንባብና ስለ አደገኛ አነዳድ

ሩሲያዊው ደራሲ ሌቭ ቶልስቶይ በ1897 ማስታወሻ ደብተሩ ላይ አንዲት ትንሽ ነገር ጻፈ። ክፍሉን እያጸዳ ነበር። አቧራውን እየጠረገ ሲዞር ሲዞር ሶፋው ጋ ደረሰና ቆም አለ። ይህን ሶፋ ጠርጌዋለሁ ወይስ አልጠረግሁትም? ማስታወስ አቃተው። እጁ ስለለመደ ሳያስበው ጠርጎት ሊሆን ይችላል። ግን ማንም ካላየው፣ እሱም ልብ ካላለው፣ ነገሩ እንዳልተደረገ ነው ብሎ ደመደመ። ከዚያ ሐሳቡን ከሶፋው ወደ ሰው ዕድሜ አሻገረው፦ ብዙ ሰው ሳያስተውል የኖረው ዕድሜ እንዳልተኖረ ይቆጠራል አለ። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

መኪና የሚነዳ ሰው ይህችን ሶፋ በደንብ ያውቃታል። ቤቱ ደርሶ ሞተር ያጠፋና «እንዴ፣ መቼ ደረስኩ?» ይላል። መብራት አልፏል፣ ታጥፏል፣ ለእግረኛ ቆሟል (ቆሜያለሁ ብሎ ተስፋ ያደርጋል)፣ ግን ከመንገዱ አንድም ምስል ጭንቅላቱ ውስጥ የለም። የሚያነብ ሰውም ያውቃታል። ዓይኑ ከመስመር መስመር ወርዶ ገጹን ይጨርሳል፣ ይገልጣል፣ ከዚያ ሴትዮዋ ለምን አለቀሰች ተብሎ ቢጠየቅ ጭልጥ ብሎ ጠፍቶበታል። እኔ ባለፈው አንዱን ገጽ ሦስት ጊዜ አንብቤው በሦስተኛውም ምንም አልገባኝም። ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ድምፁም ጠፍቶ ነበር። ልቤ ግን እሱ ጋ ነበር።

ልብ ወለድ ማንበብንና መኪና መንዳትን አንድ ላይ ማምጣቴ ሊገርማችሁ ይችላል። አንዱ ተጋድመው የሚያደርጉት ነገር ነው። ሌላው ሰው ይገድላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓመት ወደ 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል፤ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት ለሆኑት ደግሞ ቀዳሚው የሞት ምክንያት ይኸው ነው። ሆኖም ሁለቱም የሚበላሹት በአንድ መንገድ ነው። ዓይን ያያል፣ ሰውየው አላየም። በተለይ ደግሞ የማያየው ሌላውን ሰው ነው።

ከዓይን እንጀምር። ስናነብ ዓይናችን እንደ ውኃ በመስመሩ ላይ የሚፈስ ይመስለናል። አይፈስም። ይዘላል። ይህን ከ1870ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያስተዋወቀው ፈረንሳዊው የዓይን ሐኪም ሉዊ ኤሚል ዣቫል ነው። ዓይን አንድ ቃል ላይ ሩብ ሰከንድ ያህል ያርፋል፣ ከዚያ ዘሎ ሌላው ላይ ያርፋል፣ አንዳንዴም ወደ ኋላ ተመልሶ ያልገባውን ያያል። በዝላዩ መሀል ግን፣ ለዚያች ቅጽበት፣ አእምሮ ምስሉን ይዘጋዋል ማለት ይቻላል። ባይዘጋው ኖሮ ዓለም ሁሉ ሲወዛወዝ ባየን ነበር። ክፍተቱን የሚሞላው አእምሮ ራሱ ነው፣ በግምት። የፊደል ስህተት የማይታየን ለዚህ ነው፤ ያነበብነው የተጻፈውን ሳይሆን ይጻፋል ብለን የጠበቅነውን ነው።

አሁን ይህንኑ ዓይን መስቀለኛ መንገድ ላይ አስቀምጡት። ሾፌሩ ግራ ቀኝ ቶሎ ቶሎ ይገላመጣል። አንገቱ ዞሯል፣ ሥርዓቱን ፈጽሟል። ዓይኑ ግን ሦስት አራት ቦታ ብቻ ነው ያረፈው፤ በመሀሉ ያለውን አእምሮው «ባዶ መንገድ» ብሎ ሞልቶታል። ሞተር ሳይክል ቀጭን ነች፤ በሁለት እረፍቶች መሀል ትገባና ትጠፋለች። ከአደጋ በኋላ ብዙ ሾፌር «በእግዜር ስም፣ አይቻለሁ፣ ማንም አልነበረም» የሚለው እየዋሸ ላይሆን ይችላል። የመንገድ ደኅንነት አጥኚዎች ለዚህ ዓይነቱ አደጋ የተለየ ስም ሰጥተውታል፦ ተመልክቶ አለማየት። መፍትሔውም እንዲሁ ተራ ነው። ቀስ ብሎ ማየት፣ ከዚያ እንደገና ማየት። ሁለተኛው እይታ ዓይን ሌላ ቦታ ላይ እንዲያርፍ ያደርገዋል።

ዓይን አርፎበትም ቢሆን አለማየት አለ። በ1999 ዳንኤል ሳይመንስና ክሪስቶፈር ቻብሪስ የሠሩትን ሙከራ ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ሰዎች ኳስ የሚቀባበሉበትን ቪዲዮ ያያሉ፤ ነጭ ለባሾቹ ስንት ጊዜ እንደተቀባበሉ ቁጠሩ ይባላሉ። በመሀሉ የጎሪላ ልብስ የለበሰ ሰው ገብቶ ደረቱን ደልቆ ይወጣል። ከተመልካቾቹ ግማሽ ያህሉ አላዩትም። ጎሪላ! እንግዲህ ሰዓቱን፣ የአለቃውን ቁጣና የሚገባውን መልእክት እየቆጠረ የሚነዳ ሰው ስንት ጎሪላ እንደሚያልፈው አስቡት።

እዚህ ላይ ልምድን መውቀስ ይቀላል፤ ግን ያለ ልምድ መንዳትም ማንበብም አይቻልም። ፊደል የሚቆጥር ሕፃን ታሪኩ አይገባውም፣ ጉልበቱ ሁሉ «ለ» እና «ሰ»ን በመለየት ያልቃል። መንዳት የጀመረ ሰውም ማርሹን፣ ፍሬኑን፣ ስፖኪዮውን እያሰበ ፊቱ ያለው መንገድ ያመልጠዋል። ልምድ እነዚህን ነገሮች ወደ እጅና እግር ያወርድና ጭንቅላትን ነፃ ያደርጋል። ጥያቄው ነፃ የወጣው ጭንቅላት የት ሄደ ነው። መንገዱን ወይም ታሪኩን ጠለቅ ብሎ ለማየት ዋለ? ወይስ ሹልክ ብሎ ወጣ?

የቶልስቶይን ሶፋ ታዋቂ ያደረገው ሩሲያዊው ሃያሲ ቪክቶር ሽክሎቭስኪ ነው። በ1917 ባወጣው ጽሑፍ ልማድ ሁሉን ነገር ይውጣል አለ፤ ልብስን፣ የቤት ዕቃን፣ ሚስትን፣ የጦርነትን ፍርሃት። ጥበብ ያለው ይህን ለመስበር ነው። የለመድነውን ነገር እንግዳ አድርጎ እንደ አዲስ ያሳየናል፤ ድንጋይ ድንጋይ ሆኖ እንዲሰማን። ለዚህ ነው ጥሩ ልብ ወለድ ትንሽ የሚያስቸግረው። ችግሩ የጸሐፊው ድክመት አይደለም፤ ፍጥነት እንድንቀንስ ሆን ብሎ ያደረገው ነው። መንገድ ላይ ጉብታ እንደሚሠራው ማለት ነው።

አንድ አገር ሳታስበው ይህን በመንገድ ላይ ሞክራዋለች። ስዊድን ሴፕቴምበር 3 ቀን 1967 እሑድ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ተሻገረች፤ እስከዚያ በግራ በኩል ይነዳ የነበረው ሕዝብ በአንድ ጀምበር በቀኝ መንዳት ጀመረ። መቼም አገር ምድሩ ይጋጫል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። በተቃራኒው አደጋ ቀነሰ። መንገዱ እንግዳ ስለሆነ ሁሉም ሰው ዓይኑን ከፍቶ ነዳ። ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆነው ግን ቁጥሩ ወደ ድሮው ተመለሰ። ሰዉ ለመደዋ።

የትኛው ሾፌር ነው አደገኛው? ብዙዎቻችን «መንዳት የማይችለው» እንላለን። እኔ ግን ከዚያ ይልቅ የምፈራው ጎበዝ ነኝ ብሎ የሚያምነውን ነው፤ ያ ደግሞ ሁላችንም ነን ማለት ይቻላል። ኦላ ስቬንሰን የሚባል ስዊድናዊ ተመራማሪ በ1981 ባሳተመው ጥናት ሰዎች የመንዳት ችሎታቸውን ከሌላው ጋር እንዲያወዳድሩ ጠየቀ። ከተጠየቁት አሜሪካውያን 93 በመቶ፣ ከስዊድናውያኑ 69 በመቶ ራሳቸውን ከመካከለኛው በላይ አስቀመጡ። ሒሳቡ አይሆንም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆን ሰው ከግማሹ በላይ ሊሆን አይችልም።

ይህ ትዕቢት ብቻ አይደለም። መንገድ መጥፎ አስተማሪ ነው። እሳት የነካ ልጅ ወዲያው ይቃጠላል፣ ይማራል። ኩርባ ላይ ደርቦ ያለፈ ሾፌር ግን ዘጠና ዘጠኝ ጊዜ ምንም አይሆንም። ምንም ባልሆነ ቁጥር አእምሮው «አየህ፣ ትችላለህ» ይለዋል። ስለዚህ ዓመት በጨመረ ቁጥር የጨመረው ችሎታው ይሁን ድፍረቱ መለየት ያቅተዋል። በዚያ ላይ ደኅንነት ሲጨመርልን ወዲያው እንመነዝረዋለን። ሙኒክ ከተማ ውስጥ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ፍሬን ያላቸውና የሌላቸው ታክሲዎች ሲነጻጸሩ ባለ አዲስ ፍሬኖቹ ያነሰ አደጋ አላደረሱም፤ ሾፌሮቹ በፍሬኑ ተማምነው ይበልጥ በድፍረት መንዳት ጀምረው ነበር። ይህ ማለት ቀበቶ አትሰሩ ማለት አይደለም፣ ቀበቶ ነፍስ ያድናል። ሰው ስንት አደጋ ለመሸከም እንደፈቀደ በልቡ ልክ አለው ለማለት ነው።

ፍጥነት ላይ ደግሞ ሒሳባችን ራሱ ይዋሻል። እስቲ ይህን እንሥራው። 10 ኪሎ ሜትር ቀርቷችኋል። በሰዓት በ30 ስትሄዱ 20 ደቂቃ ይፈጃል፣ በ40 ብታደርጉት 15 ደቂቃ። በ10 ኪሎ ሜትር ጭማሪ 5 ደቂቃ ተረፈ። አሁን ያንኑ 10 ኪሎ ሜትር በ80 እየሄዳችሁ ነው እንበል፤ ሰባት ደቂቃ ተኩል። ወደ 100 አሳደጋችሁት፤ 6 ደቂቃ። በእጥፍ ጭማሪ፣ በ20 ኪሎ ሜትር፣ የተረፈችው አንድ ደቂቃ ከግማሽ ናት። አእምሯችን ግን የሚነግረን ሌላ ነው፤ በፈጠነ ቁጥር ብዙ ያተረፈ ይመስለዋል። የሚጨምረውስ ምንድን ነው? የግጭቱ ጉልበት። እሱ የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ነው፤ ከ80 ወደ 100 ሲደረስ ፍጥነቱ በሩብ ሲጨምር ጉልበቱ ከግማሽ በላይ ይጨምራል። አንድ ደቂቃ ተኩል ለመቆጠብ የሚከፈለው ይህ ነው፤ ያችም ደቂቃ መድረሻው ላይ መኪና ማቆሚያ ስንፈልግ ታልቃለች።

ወጣቶች ላይ አንድ ነገር ልጨምርና ልለፍ። በ2005 ማርጎ ጋርድነርና ሎውረንስ ስታይንበርግ የተለያየ ዕድሜ ያላቸውን ሰዎች የመኪና ጨዋታ በኮምፒውተር አጫወቱ፤ ብቻቸውንና ጓደኞቻቸው እያዩዋቸው። ጓደኛ ሲኖር ጎረምሶቹ ይበልጥ አደጋ ውስጥ ገቡ። በዕድሜ ከፍ ያሉት ላይ ግን ጓደኛ መኖሩ ይህን ያህል ለውጥ አላመጣም። ስለዚህ ለልጅ ቁልፍ ስትሰጡ «እንዴት ነው የሚነዳው?» ብቻ ሳይሆን «ከነማን ጋር ነው?» የሚለውም ይጠየቅ።

አሁን ወደ ንዴቱ። ይህ ነው ከልብ ወለድ ጋር በጣም የሚያገናኘው።

እግረኞች በጠባብ በር ሲገናኙ ምን ያደርጋሉ? «ይለፉ»፣ «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ»። እነዚያው ሰዎች መኪና ውስጥ ሲገቡ አንድ ክንድ መንገድ ላለመልቀቅ ይሞታሉ። ምን ተለወጠ? ፊት ጠፋ። መኪና ቆርቆሮ የለበሰ ክፍል ነው፤ ሌላው ሰው ሰው መሆኑ ቀርቶ «ነጯ መኪና» ይሆናል። በ1995 የወጣ አንድ የመንገድ ላይ ሙከራ ይህን በቀላሉ አሳይቷል። ጣሪያቸው የሚከፈት መኪኖች ፊት መብራት ሲበራ ሆን ብሎ የማይንቀሳቀስ መኪና ይቆማል። ጣሪያቸውን የዘጉት ሾፌሮች ጣሪያ ከፍተው ከሚነዱት ይልቅ ቶሎ ክላክስ አደረጉ፣ ደጋግመው አደረጉ፣ ረዘም አድርገውም ተጫኑ። መታየት ጨዋ ያደርጋል ማለት ነው። በ2008 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ መኪናቸው ላይ ብዙ ስቲከርና ጌጥ የሚለጥፉ ሰዎች ይበልጥ ይናደዳሉ አለ። የስቲከሩ መልእክት ምንም ይሁን ምን፤ ስለ ሰላምም ቢሆን። መኪናው እንደ ቤቱ ግቢ ስለሚሆንበት ነው፤ መንገዱንም ጭምር የግቢው አካል አድርጎ ይቆጥረዋል።

ሁለተኛው ነገር ፍርዳችን ነው። እኔ ሰው ፊት ዘው ብዬ ስገባ ምክንያት አለኝ፤ ረፍዶብኛል፣ ታሞብኛል፣ ምልክቱን አላየሁትም። እሱ ሲገባ ግን ባለጌ ነው። የራሳችንን ጥፋት በሁኔታ፣ የሌላውን ጥፋት በባሕርይው እናብራራለን። የሥነ ልቦና ሰዎች ይህን ዝንባሌ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሲያጠኑት ኖረዋል። መንገድ ደግሞ ለዚህ ዝንባሌ የተመቸ ቦታ ነው፤ ከሌላው ሰው የምናየው የኋላ መብራቱንና አንድ ጥፋቱን ብቻ ነዋ። ከዚያች አንድ ጥፋት ሙሉ ሰው እንፈጥራለን፤ አባቱን፣ አስተዳደጉን ሳይቀር።

የራሴን ልናገር። አንድ ቀን መብራት በርቶ ፊቴ ያለው መኪና አልንቀሳቀስ አለ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ሰከንድ። ክላክሱን ተጫንኩት። አሁንም ቆሟል። በክንዴ ነው የተጫንኩት በሁለተኛው፣ እያማረርኩም ነበር፤ ምን እንዳልኩ እዚህ አልጽፈውም። ከዚያ ከመኪናው አፍንጫ ሥር አንዲት ትንሽ ልጅ ቀና አለች። የወደቁ ደብተሮቿን ስትለቅም ነበር። የመጨረሻውን ደብተር በክርኗ ጠርጋ ያዘችና ሄደች፤ ሾፌሩም በቀስታ ተንቀሳቀሰ። እኔን ዞር ብሎም አላየኝ። እግሬ ሲንቀጠቀጥ ትዝ ይለኛል። እኔ እሱ ቦታ ብሆንና ከኋላዬ እንደኔ ዓይነቱ ሰው ቢጮህብኝ ኖሮስ?

እንግዲህ ልብ ወለድ የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው። መጀመሪያ ጥፋቱን ያሳየንና ከዚያ መኪናው ፊት ያለችውን ልጅ ያሳየናል። በዓለም ላይ ከሌላ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ሆነን የምናይበት ሌላ መሣሪያ ያለ አይመስለኝም፤ ፊልም እንኳ ከውጭ ነው የሚያየው። በልብ ወለድ ውስጥ የናቅነው ሰውዬ ሌሊት አልጋው ላይ ተገላብጦ የሚያስበውን እንሰማለን።

ታዲያ ልብ ወለድ የሚያነብ ሰው ጥሩ ሾፌር ይሆናል? ኧረ አልወጣኝም! ደጋግሞ የሚጠቀስ አንድ ጥናት አለ። ዴቪድ ኪድና ኢማኑኤሌ ካስታኖ በ2013 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ እንዳሉት፣ ከበድ ያለ ልብ ወለድ ለጥቂት ደቂቃ ያነበቡ ሰዎች የሌላን ሰው ስሜት ከዓይኑ በመገመት የተሻሉ ሆኑ። ዜናው ዓለምን ዞረ። ከዚያ ሌሎች ተመራማሪዎች ሙከራውን ሲደግሙት ውጤቱ አልመጣም፤ በ2016ም፣ በ2018ም። ብዙ ሙከራዎችን የደመረ ሌላ ሥራ ደግሞ ውጤት አለ፣ ግን ትንሽ ነው አለ። እኔ የምገምተው ይህ ነው፤ አንድ አጭር ልብ ወለድ ማንንም አይለውጥም፣ ዕድሜ ልክ የዘለቀ ልማድ ግን የሆነ ነገር ሳይተው አይቀርም። ለነገሩ ብዙ አንብቦ መንገድ ላይ እንደ አውሬ የሚሆን ሰው አውቃለሁ። አንዳንዴ መስታወት ፊት ነው የማገኘው።

ሰውን ማየት መንገድ ላይ ምን እንደሚያደርግ ግን ማስረጃ አለ። ሃንስ ሞንደርማን የሚባል የኔዘርላንድስ የትራፊክ መሐንዲስ ነበር። ድራክተን በምትባል ከተማ በቀን ወደ 22 ሺህ መኪና የሚያስተናግደውን መስቀለኛ መንገድ መብራቱንና ምልክቱን አስነቅሎ አደባባይ አደረገው። ሾፌር፣ ብስክሌተኛ፣ እግረኛ በዓይን እየተግባቡ ማለፍ ጀመሩ። አደጋ ቀነሰ፣ ትራፊኩም ፈጠነ። ሞንደርማን ጎብኚ ሲመጣ መኪና ወዳለበት የኋሊት እየተራመደ ይገባ ነበር፣ ማንም እንደማይገጨው ለማሳየት። (አትሞክሩት።) ነገሩ ነቀፋም አለበት፤ ዓይነ ስውር ሰው በዓይን መግባባት ስለማይችል እንዲህ ያለው መንገድ ለእሱ ወጥመድ ነው። ያም ሆኖ ምልክት ሲነሳ ሾፌሩ ሰሌዳ ማንበብ ትቶ ሰው ማንበብ ይጀምራል።

ስልክ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መኪና በሰከንድ 22 ሜትር ይሄዳል። አንዲት መልእክት ለማየት 5 ሰከንድ ዓይን ቢነሳ 111 ሜትር በጭፍን ተነዳ ማለት ነው፤ ከአንድ የኳስ ሜዳ ርዝመት ይበልጣል። «እኔ በእጄ አልይዝም፣ በድምፅ ነው የማወራው» የሚል አለ። ዴቪድ ስትሬየርና ባልደረቦቹ በዩታ ዩኒቨርሲቲ ይህን ለዓመታት አጥንተውታል፤ በእጅ ይዞ ማውራትና ሳይዙ ማውራት ብዙም ልዩነት የላቸውም። የተያዘው እጅ ሳይሆን ጭንቅላቱ ነዋ። በ2015 ደግሞ የመኪና የድምፅ ትእዛዝ የተጠቀመ ሰው ትኩረቱ ሙሉ በሙሉ ለመመለስ እስከ 27 ሰከንድ ሊፈጅ እንደሚችል አሳዩ። መብራት ላይ ቆሜ ቶሎ አይቼ ልመልሰው የምንለው ነገር፣ መብራቱ ከበራ በኋላም ተከትሎን ይመጣል። በ40 ብቻ እየነዳን 27 ሰከንድ ማለት 300 ሜትር ነው።

ያው ስልክ ንባብን የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። ግሎሪያ ማርክ የምትባል ተመራማሪ ሰዎች በሥራ ላይ አንድ ስክሪን ላይ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆዩ ስትለካ ኖራለች። በ2004 ሁለት ደቂቃ ተኩል ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ወደ 47 ሰከንድ ወርዷል። በ47 ሰከንድ ውስጥ ልብ ወለድ ገና በር እየከፈተ ነው። ቁጥሩም ይህን ይመስላል፦ በአሜሪካ በሰዎች የቀን ውሎ መዝገብ ላይ የተሠራ ጥናት በአንድ ተራ ቀን ለደስታው ያነበበው ሰው በ2004 ከነበረበት 28 በመቶ በ2023 ወደ 16 በመቶ ወርዷል ይላል። ያውም በስክሪን የተነበበውና በጆሮ የተሰማው መጽሐፍ ተቆጥሮ ነው።

«ጥፋቱ የስክሪን ነው፣ ወደ ወረቀት እንመለስ» የሚለው ክርክር ግማሹ ብቻ ነው እውነት። በ2018 የወጣ፣ 54 ጥናቶችን የደመረ ሥራ ሰዎች ከወረቀት ሲያነቡ በተሻለ እንደሚገባቸው አገኘ፤ በተለይ ሰዓት ሲጣበብ። ግን ልዩነቱ የታየው መረጃ ሰጪ ጽሑፍ ላይ ነው። ታሪክ ላይ፣ ማለትም ትረካ ላይ፣ ልዩነት አልተገኘም። ስለዚህ ልብ ወለድን የሚገድለው ብርሃን ያለው መስታወት አይመስለኝም። በዚያው መስታወት ላይ፣ አንድ ጣት አለፍ ብሎ፣ ሌላ ሺህ ነገር መኖሩ ነው።

ወደፊትስ? ልብ ወለድ አይሞትም። እንዲያውም ብዙ ሕዝብ ልብ ወለድ የሚያነብበት ዘመን በታሪክ አጭር ነው፤ ትምህርት ቤትና ርካሽ ማተሚያ ሲስፋፉ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጣ ነገር ነው። ከዚያ በፊት የጥቂቶች ነበር፤ ወደዚያው ቢመለስ አይገርመኝም፣ ያሳዝነኛል እንጂ። የሚያነቡት ይበልጥ ያነባሉ፣ የማያነቡት ጭራሹን ይተዋሉ። በጆሮ መስማት አንዳንዱን ያተርፋል፤ እኔ ራሴ ረጅም መንገድ ላይ ትረካ እሰማለሁ፣ ደርቤ ለማለፍ ስል ግን ታሪኩ ከእጄ ያመልጣል። ደስ ይለኛል ሲያመልጠኝ። መንገዱ ያመለጠኝ ቀን ነው የምፈራው።

ሰው ሰራሽ አስተውሎት መጽሐፉን አንብቦ በአሥር መስመር ይነግረናል። ይህ በግማሽ ራሱን ከሚነዳ መኪና ጋር አንድ ነው። መኪናው መሪውን ይይዛል፣ ሰውየው «ብቻ ንቁ ሆነህ ጠብቅ» ይባላል። ሰው ግን ይህን አይችልም። ኖርማን ማክዎርዝ በ1948 ሰዎችን አንድ የሰዓት ቆጣሪ ዘንግ ላይ አፍጥጠው አልፎ አልፎ የምትመጣ ዝላይ እንዲይዙ አደረገ፤ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ንቃታቸው ወረደ። የማይሠራ ሰው ሊጠብቅ አይችልም። በ1983 ሊሳን ቤይንብሪጅ የአውቶሜሽንን (ሥራን ለማሽን የመስጠትን) ምፀት ስትጽፍ ይህንኑ አለች፤ ማሽኑ ቀላሉን ሥራ ይወስድና ከባዱን፣ ያውም በድንገት፣ ልምዱ ለደከመበት ሰው ይተወዋል። ማጠቃለያ ብቻ ሲያነብ የኖረ ሰው አንድ ቀን ማጠቃለያ የሌለው ነገር ይገጥመዋል፤ የደብዳቤ ቃና፣ የዝምታ ትርጉም፣ የአንድ ሰው ፊት።

መኪናው ሙሉ በሙሉ ራሱን የነዳ ዕለትስ? ሥነ ልቦናችን ከመሪው ወርዶ ይሄዳል፣ እሰየው፤ ስንት ሰው ይተርፋል። ያን ቀን በየመንገዱ ሁለት እጁ የተፈታ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ነፃ የሆነ ሰው ይቀመጣል። መጽሐፍ ይከፍታል ብሎ የሚወራረድ ካለ ይምጣ፣ እኔ በዚያኛው በኩል ነኝ። ስልኬን ግን ከዛሬ ጀምሮ የኋላ ወንበር ኪስ ውስጥ እከተዋለሁ፣ ስነዳም ሳነብም። ሳነብ መኪና ድረስ ሄጄ ማምጣት ስለሚደብረኝ ይሠራል።